የእኛ ቤት ልብስ

ከሩቅ የመጣ ተሳላሚ ካዕባን በራሱ ልብስ አይዞርም። ኃጢአት የሠራበት ልብስ ነውና ከመካ ሰው ይዋሳል፤ ካጣ ራቁቱን ይዞራል። ከአያቴ ጀምሮ የሚያውሰው የእኛ ቤት ነው። የየነገዱ አለቃ በራችን ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የተከበርነውም በዚያ ነው።

ልጄ ኺዳሽ ከአዲሱ መልእክት ተከታዮች ጋር መዋል ሲጀምር ዝም አልኩት። ዘንድሮ ግን በራችን ለተሰለፉት፣ «በራሳችሁ ልብስ ዙሩ። አምላክ የኛን ጨርቅ አይጠይቃችሁም» አላቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ሰምተውት በራሳቸው ልብስ ሊዞሩ ሄዱ።

በማግስቱ የአጎቴ ልጅ ሙሳፊዕ መጣ። ተቀመጥ ሳልለው ተቀመጠ።

«ነገ ጠዋት ካዕባ ፊት ቆመህ ከኺዳሽ ላይ ከለላህን ታነሳለህ።»

«ይገድሉታላ።»

«እኛ አንገድለውም። ደሙን የሚጠይቅለት ከሌለ ግን እጁን የሚሰበስብ የለም። እምቢ ካልክ ከለላችን ካንተም ከሴቶች ልጆችህም ላይ ይነሳል።»

«ወንድም ዓለም፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። እነ ኺዳሽ የሚሉት ሁሉ ውሸት ይመስልሃል?»

ጢሙን ዳበሰ። «ውሸት ቢመስለኝማ ተኝቼ አድር ነበር። ባሪያዬ ጎኔ ከቆመ፣ እንግዳው በልብሱ ከዞረ፣ እኔና አንተ ምንድን ነን? ተምር እንኳ በማይበቅልበት ሸለቆ የተቀመጥን ሁለት ሽማግሌዎች።»

ሲወጣ ኺዳሽን ጠራሁት።

«በአፍህ ብቻ ተሳስቻለሁ በል፣ ልጄ። ልብህን ማን ያየዋል?»

«እሱን የሚያየውን እኮ ነው የምፈራው፣ አባዬ።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ። «እህቶቼ አሉ። ራሴ ከለላህን እመልስልሃለሁ፤ አንተ አፍህን አትከፍትም» አለኝ።

ደስ አለኝ። እስካሁን የማፍረው በዚያ ደስታ ነው።

ጠዋት ሕዝቡ ፊት ቆመ። «የአባቴን ከለላ መልሻለሁ። ጥሩ ጠባቂ ነበር» አለ።

«አይበቃም» አለ ሙሳፊዕ። «የሰጠው አፍ ነው የሚያነሳው። ሦስት ጊዜ።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ኺዳሽ ብቻ መሬት መሬት ያያል፤ እንዳላፍር ብሎ ነው። ልጄ እንዳልሆነ፣ ደሙን እንደማልጠይቅ ተናገርኩ። ሁለተኛውንም አልኩ። ሦስተኛውን በሹክሹክታ አልኩ።

«ጮክ በል እንጂ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ ሙሳፊዕ።

ደገምኩት።