ሃያኛው ተሳታፊ

«አባዬ፣ እጅህን አታንቀሳቅስ። እንዳታወራም» አለች ነርሷ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ አባቷ ክንድ ላይ እያጠበቀች።

«እሺ ዶክተር።»

ዶክተር አለመሆኗን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመመረቂያ ጥናት ዓመት ሙሉ ፍዳዋን ስታይ ተመልክቷል። ጥናቱ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ አጫሹ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ግፊቱ ይለካል፣ አንድ ሲጋራ ያጨሳል፣ ከዚያ እንደገና ይለካል። ሃያ ሰው ያስፈልጋል። አማካሪዋ ደግሞ ግትር ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ይዘሽ እንዳትመጪ ብሏታል። ማስረከቢያው ነገ ሆኖ ሳለ ሃያኛው ሰው ትናንት ሐሳቡን ቀየረ። አባቷ ይህን ሲሰማ «እኔ እያለሁ!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

መለኪያው ጮኸ። 178 በ110። ነርሷ ክው አለች።

«ስንት ነው?»

«ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ከፍ ማለቱ ጥሩ አይደል እንዴ? ሲጋራ ግፊት ይጨምራል ብለሽ የለ!» እየሳቀ ፓኮውን ከኪሱ አወጣ። አዲስ ነበር፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

እናቷ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። አላስቻላትም።

«ከተወ ሦስት ወር ሆኖታል እኮ። ላንቺ ብሎ ዛሬ ጠዋት ሄዶ ገዛ። እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።»

«አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም!» አለ አባትየው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዘልቀዋለሁ ብዬ ስላላመንኩ ነው ያልነገርኩሽ። አንዲት ሲጋራ ምን ታመጣለች?»

ነርሷ የጥናቱን ዕቅድ ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠችው። የሲጋራውን ዓይነት፣ የወንበሩን ቁመት ሳይቀር ጽፋለች። የመጀመሪያው ልኬት ከፍ ካለ ምን ይደረጋል የሚል ግን አንድም መስመር የለም። እሷም አማካሪዋም አላሰቡትም።

እጇ ሳታዝዘው ወደ ሰባተኛው ተሳታፊ ቅጽ ሄደ። የምትሠራበት ሆስፒታል ዘበኛ። ከማጨሱ በፊት 175፣ ካጨሰ በኋላ 196። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ እንዲህ የሚያምር ቁጥር አላገኘችም። «ተባረኩ ጋሼ» ብላ ወደ በሩ መለሰችው። ስለ ግፊቱ አንዲት ቃል አልነገረችውም። አሁን በራሷ አፈረች፣ ፈራችም።

ፓኮውን ከአባቷ እጅ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ታዲያ ሃያኛውን ከየት ታመጫለሽ?» አላት ተጨንቆ።

«አሥራ ዘጠኙም የለኝም አባዬ፤ አንዱን ማስጨስ አልነበረብኝም። ጫማህን አድርግ፤ ሐኪም ቤት አብረን ነው የምንሄደው።»

እሱ ጫማውን ሲፈልግ እሷ ከሰባተኛው ቅጽ ላይ ቁጥሩን እያየች ደወለች። ሁለቴ ጠራ፣ ሦስቴ ጠራ። በአራተኛው ተነሳ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ያቺ ነርስ» አለች። «እንደምን አሉ? ደኅና ነዎት?»