«ከኋላ ነው»

ሙሉነሽ ከዓለም ገና ወደ ፉሪ የሚሄድ ተሳፋሪ እየጠበቀች ሳለ፣ አንድ ሰው ክራንቹን አስቀድሞ ባጃጇ ውስጥ ገባ። በስፖኪዮው አየችው።

«አካም ጂርታ፣ ሙሌ!»

ዲሪባ ነበር። እሱ፣ እሷና ሕዝቅያስ በአንድ ጓድ ዘምተዋል። ሕዝቅያስ የሞተው ቁስሉን በምታስርበት በሙሉነሽ እጅ ላይ ነው። እዚያው ተራራ ላይ ድንጋይ ከምረው ሲቀብሩት ሁለቱ ተማማሉ፦ ቀድሞ የተመለሰ መርዶውን ለእናቱ ያደርሳል። ብዙም ሳይቆይ ዲሪባ እግሩን ተመትቶ ቀድሞ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

«ወዴት ነህ?» አለችው ደስ ብሏት።

«እትዬ የወይንሐረግ ጋ። ምሳ ጠርተውኝ።»

«የሕዝቅያስ እናት! ሙት ዓመቱን አወጡለት?»

ዲሪባ ጭኑ ላይ የያዘውን ፌስታል አጠበቀ፤ ከውስጡ የወንድ ጫማ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«የሱ ጫማ ነው» አለ። «ሶሉን አሰፋልኝ ብለውኝ ነው። ለእህቱ ለቲቲ ሰርግ ይደርሳል ብለው . . .»

ሙሉነሽ ባጃጇን ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋች።

«አልነገርካቸውም?»

«በሩን ከፍተው ሲያዩኝ እልል አሉ፣ ሙሌ! ‹ልጄስ?› አሉኝ። ‹ከኋላ ነው› አልኩ። አምልጦኝ ነው።»

«እስከ ዛሬ ከኋላ ነው?»

«ተማርኳል አልኩ። ኋላ ደግሞ ሊለቀቅ ነው አልኩ። ሰርጉን ለእሱ ብለው ደጋግመው አራዘሙት።»

«አንተም ምሳህን ትበላለህ!»

«እምቢ ማለት ከበደኝ።»

«መዋሸቱ ቀለለህ?»

ሙሉነሽ ለቅሶው ያለፈ መስሏት፣ የእናቲቱን ቁስል ላለመቀስቀስ ደጃቸውን ሳትረግጥ ኖራለች። ለካስ የሚቀሰቀስ ሐዘን አልነበረም፤ ድንኳን አልተተከለም፣ አንድ ሰው እንኳ ስሙን ጠርቶ ደረቱን አልደቃም። ሕዝቅያስን ጥይት ገደለው፤ ሞቱን የሰረቀው ግን ጓደኛው ነው። ይህ ሰው አንዲት እናት ስታለቅስ ላለማየት ሲል እናትነቷን በተስፋ አስሮ፣ እስሩን ርኅራኄ ብሎ ጠራው!

«ከሰርጉ በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለ ዲሪባ።

«በወንድሟ ሬሳ ላይ ልታስጨፍራት ነው?»

«ደግሞስ መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ይነገራል እንዴ? ወግ አታውቂም?»

«ወጉን ዛሬ አስታወስከው፣ አይደል? መደበቂያ ሲሆንህ!» ሞተሩን አስነሳች። «ይሁን። በወጉ ይነገራል። አሁን ወደ እድራቸው ዳኛ እንሄዳለን፤ ነገ በማለዳ ጎረቤቱን ይሰብስቡ።»

«አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ አይደል እህቴ?»

«አጠገብህ እቆማለሁ። የሚናገረው አፍ ግን ያንተ ነው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ነጠላውን ተከናንቦ ከወይዘሮ የወይንሐረግ ደጅ ቆመ። ዲሪባ ፌስታሉን እንደታቀፈ ከሰዎቹ ጀርባ ሊሸሸግ ሲል፣ ሙሉነሽ በክንዱ ይዛ ከፊት አቆመችው።

በሩ ተከፈተ።

«ዲሪባዬ! ትናንት ምሳ ስጠብቅህ ቀረህ፤ ዛሬ ምነው በማለዳ?» አሉ እናቲቱ። ከዚያ ሕዝቡን አዩ። ነገሩ ገባቸው፤ ግን አላመኑም። ዓይናቸው ከዲሪባ ትከሻ በላይ አልፎ እያንዳንዱን ፊት አንድ በአንድ ፈተሸ።

«ከኋላ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉት።

«ከኋላዬ ማንም የለም፣ እትዬ።»

ጩኸታቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ዲሪባ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ እጁን በጥፊ መቱት።

«አትንካኝ! በልጄ ወንበር አስቀምጬ አጉርሼሃለሁ፤ አትንካኝ!» ወደ ሙሉነሽ ዞሩ። «አንቺ! ሲሞት ማን ነበረ አጠገቡ?»

«እኔ ነበርኩ፣ እማማ።»

የሙሉነሽን ክንድ ጨምድደው ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧት። ለቀስተኛው ተከትሎ ገባ። ዲሪባ የተሰፋውን ጫማ እንደታቀፈ ደጅ ቀረ። ግባ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሙሉነሽም ዞራ አላየችውም።