ለማነጻጸሪያ የተጠማው ሰፈር

ምዌልዋ ካባሶን ፕሮፌሰር ያደረገው የካቡሉሉ ሰፈር ተቅማጥ ነው። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚነግረው የለም፤ እሱም ንግግር ሲያደርግ «የከተማ ጤና» እያለ ነው የሚያሽሞነሙነው። ነገሩ ግን ያው ነው። ሉሳካ ውስጥ አጥር ለአጥር የተጎራበቱ ሁለት የድሃ ሰፈሮች ነበሩ፤ ምቶንዶና ካቡሉሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ለምቶንዶ የታከመ የቧንቧ ውሃ አስገባ። ካቡሉሉ ከመጸዳጃ ቤቶቹ ሥር ከተቆፈረው ጉድጓድ መቅዳቱን ቀጠለ። ምዌልዋ ታዲያ ዓመት በዓመት የሁለቱን ሰፈር ሆድ እያነጻጸረ፣ በየትኛው ምን ያህል ሰው እንደታመመ ሲጽፍ ኖረ። በዚህም ጄኔቫ ተጋበዘ፣ ኬፕታውን ተሸለመ፣ ቦርጭም አወጣ።

ማዘጋጃ ቤቱ ካቡሉሉንም አልረሳም ነበር። ቧንቧውን ቀብሮ እስከ ገበያው አፍ አድርሶት ሳለ ፕሮፌሰሩ ሮጦ ደረሰ። «ጥናቴ እስኪያልቅ ታገሡኝ» አለ። ሁለቱም ሰፈር ንጹህ ውሃ ከጠጣማ ምኑን ከምን ያነጻጽራል? ቧንቧው በብረት ክዳን ተደፍኖ ገበያው አፍ ላይ ቀረ፤ ፍየሎች ጎናቸውን ያኩበታል። ጥናቱም አለቀ ሲባል ሌላ ገንዘብ እየተገኘለት ይራዘማል። የካቡሉሉ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ከጉድጓዱ ይቀዳል።

ወንዶቹ አካፋ ይዘው ክዳኑን ሊሰብሩ የተነሱበት ጊዜም ነበር። ያስቆሟቸው ማማ ካሱባ ናቸው። ማማ ካሱባ የፕሮፌሰሩ እናት ታናሽ እህት ናቸው፤ በጎሳቸው በቤምባ ወግ ደግሞ የእናት እህት እናት ናት። ወላጅ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት የደረቀ ዓሣ ቸርችረው ያሳደጉት፣ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ «ከእኔ ጋር ይኑሩ» ቢላቸው «ጎረቤቶቼን የት ጥዬ?» ብለው ካቡሉሉ ቀሩ። ያን ዕለትም ክዳኑ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ የጀመረውን ይጨርስ። ሲጨርስ በገዛ እጁ ይከፍትልናል» አሉ። ማን እሳቸውን ገፍቶ ያልፋል? ወንዶቹ አካፋቸውን ይዘው ተመለሱ።

ማማ ካሱባ በታይፎይድ ሞቱ።

ፕሮፌሰሩ ወደ ቀብር ሲነዳ አላለቀሰም አልልም፤ አልቅሷል። ግን እንባው ገና ጉንጩ ላይ ሳለ የአክስቱ ቤት ከሚጠኑት ቤቶች አንዱ መሆኑ ትዝ አለው፤ ሞታቸው በካቡሉሉ በኩል ይቆጠራል። በዚህ አፈረ፤ ማፈሩንስ አፈረ፤ ሐሳቡን ግን አልጣለውም። በሚቀጥለው ሳምንት ለአዲሱ የከተማ ጤና ተቋም ዳይሬክተር ይመረጣል፤ ዕጩውም እሱ ነው። መራጮቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ጥናቱ አንድ ክረምት ይጨመርበት። አንድ ክረምት ምን አላት?

መቃብሩ ከሰፈሩ ጀርባ ነው። ገና ከመኪናው ሲወርድ የኤስቴሊ ጄሬ ድምፅ ተቀበለው።

«እዩልኝ! የዝንጀሮ በሊታዎቹ አለቃ መጣ! መነጽሩን ሰክቶ ሬሳውንም ሊጠይቅ ነው!»

ኤስቴሊ የማማ ካሱባ ጎረቤት፣ ገበያ ላይም አጠገባቸው ዓሣ የምትሸጥ፣ የንጎኒ ጎሳ ሴት ናት። የንጎኒና የቤምባ አያቶች በጦር ተፋጅተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ሲሞትበት ሌላው መጥቶ ይቀብርለታል፣ ያበስልለታል፣ ይሰድበዋልም፤ ቤምባው «ዝንጀሮ በሊታ»፣ ንጎኒው «አይጥ በሊታ» ይባላል። ተሰዳቢው ቢቆጣ ነውሩ የራሱ ነው። ፕሮፌሰሩ ራሱ ይህን ወግ በሬዲዮ አሞግሶታል። «ለአእምሮ ጤና ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፤ ንጎኒ ላይ የሚቆጣ ቤምባ፣ ቤምባ አይደለም» ብሎ ነበር።

«አንቺ አይጥ በሊታ፣ ዛሬ እንኳ አታርፊም?» አለ፣ እንደ ወጉ።

«ያረፈችውስ አክስትህ ናት። እኔ ማን ያሳርፈኛል?» እንደ እሱ ሆዷን ወደፊት ነፍታ፣ እጇን ወደኋላ አጣምራ በለቀስተኛው መሐል ተንጎራደደች። «እማማ፣ ትናንት ስንት ጊዜ ወጡ? ቀጭን ነበር ወፍራም? ቀለሙስ? በጣም እናመሰግናለን፣ የዛሬ ዓመት እንመለሳለን፤ እስከዚያ አደራ እንዳይሻልዎት!»

ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ፕሮፌሰሩም ሳቀ። መሳቅ ነበረበት።

ሳጥኑን ሊያወርዱ ሲሉ ኤስቴሊ ጉድጓዱ ውስጥ ዘላ ገባች። በጀርባዋ ተንጋላ ያገለደመችውን ጨርቅ፣ ቺቴንጌዋን፣ እስከ አገጯ ሳበች። ይህም ወግ ነው፤ የቀልድ ዘመድ መቃብሩን ይይዛል፣ ባለ ሐዘኑ ሳንቲም ወርውሮ ያስለቅቀዋል። ፕሮፌሰሩ በሳንቲም ፈንታ ደህና ብር ጣለላት። ለካሜራ የሚያሳየውን ፈገግታም አከለበት። እሷ ብሩን አንስታ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ይሄ ላቆሸሽኩት ልብሴ ለሳሙና። በል አሁን ደግሞ ሳሙናውን የማለቀልቅበትን ውሃ።»

«ምን?»

«ቧንቧው ይከፈት። ያኔ እወጣለሁ። አለዚያ ከአክስትህ ጋር አብረህ ቅበረኝ፤ ከታችም ሆነን እንጠማለን፣ ለጥናትህ ይመችሃል።»

ሳቁ ቀጠን አለ። ፕሮፌሰሩ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኤስቴሊ፣ ይሄ የቀልድ ነገር አይደለም። ይሄ ሳይንስ ነው።»

«ቀልድ ካልሆነማ ተቆጣኝ! እስቲ ተቆጣኝ፣ ሰው ይይህ!»

አልተቆጣም። መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

ኤስቴሊ ተነስታ ተቀመጠች። አሁን ድምፅዋ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። «ለማማ የታሸገ ውሃ በካርቶን ስታመጣ አይተናል። ጥሩ ልጅ ብለናል። እሳቸው ለልጆቻችን በኩባያ ሲያድሉት ግን ምን አልካቸው? ‹ጎረቤት እንዳይጠጣው፣ ጥናቱን ያበላሽብኛል› አላልክም? እሳቸውም ‹እንግዲያው ውሃህን ይዘህልኝ ሂድ› አሉህ። እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ። ይዘህ ሄድክ ወይስ አልሄድክም?»

የሚስቅ ጠፋ። ፕሮፌሰሩ ካርቶኑን ይዞ ሄዷል። ሌላ ልጅ ቢሆን እግራቸው ላይ ወድቆ እንዲቀበሉት ይለምናቸው ነበር፤ እሱ ግን አንሥቶ መኪናው ውስጥ ጫነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ለቅሶ ሲመጣ ጉሮሮውን ያረጠበው ከዚያው ካርቶን ነው።

«እሺ! እሺ፣ አሁኑኑ እደውላለሁ!» ስልኩን ከኪሱ መዞ ጆሮው ላይ ለጠፈ። «ሄሎ፣ ኢንጂነር ሲማኮንዴ? አዎ፣ ካባሶ ነኝ። የካቡሉሉን ቧንቧ በተመለከተ ነው። አዎ፣ ጥናቱ ይቁም። ክዳኑ ይነሳ። ዛሬውኑ! አመሰግናለሁ፣ እኛ...»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዲት አሮጊት መሬት ሳመች። ኤስቴሊ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ጆሮው ላይ እንደተለጠፈ፣ ገና «እኛ...» ያለውን ሳይጨርስ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አስጮኸ። አዲሱ ተቋም ኖሯል የሚደውለው። ፕሮፌሰሩ ቢጫነው፣ ቢጨቁነው አልጠፋ አለው። መዝሙሩ ሁለት ስንኝ እስኪጨርስ ሁሉም ቆሞ አዳመጠ።

ኤስቴሊ ከጉድጓዱ ወጣች። አፈሩን አራገፈች፤ ብሩን ከጡቷ ሥር አውጥታ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ በሁለት እጇ መለሰችለት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለችው። «ዘመዴ መስለውኝ ነው።»

ሳጥኑ ወረደ። ፕሮፌሰሩ አፈር በእጁ ዘግኖ በተነ። ወንዶቹ ያለ አንዲት ቀልድ አፈሩን መለሱ። ሲጨርሱ ግን አካፋቸውን አላስቀመጡም፤ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ገበያው አቀኑ። ክዳኑ ላይ ቁጭ ብለው የሚያስቆሟቸው ማማ ካሱባ ከመሬት በታች ናቸው።

ፕሮፌሰሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። አሁን ከምሩ ደወለ።

«ኢንጂነር፣ ቧንቧውን ሊሰብሩት ነው! ጥበቃ ይላኩ፣ ቶሎ!»

«ካቡሉሉዎች?» ኢንጂነሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን ነው እኮ! እኛ ስንጠብቅ የኖርነው እርስዎን ብቻ ነው ፕሮፌሰር። ውሃው እስከ ክዳኑ ድረስ ሞልቷል። እባክዎ በአካፋ እንዳይቀጠቅጡት ይንገሩልኝ፤ መክፈቻ የያዘ ሰው አሁን እልካለሁ።»

አልነገራቸውም። መኪናው ውስጥ ሆኖ ለዳይሬክተርነቱ አዘነ፤ ለአክስቱ ካዘነው በላይ። ቆይቶ ግን ጥሩ ሐሳብ መጣለት፤ ካቡሉሉ ከውሃው በፊትና ከውሃው በኋላ! ይህም እኮ ማነጻጸሪያ ነው። ፊቱ ትንሽ ፈካ፤ ሞተሩን አስነሳ።

ገበያው አፍ ሲደርስ ክዳኑ ተነስቷል። ውሃው መጀመሪያ ዝገት ተፍቶ አሁን ጠርቷል። ሕዝቡ የማማ ካሱባን አፈር ከእጁ ለመታጠብ ተሰልፎ ይንጫጫል፤ ሕፃናቱ ከነልብሳቸው ገብተውበታል። ፕሮፌሰሩም እጁ ላይ አፈር ነበረና ከሰልፉ ጫፍ ቆመ።

«አሳልፏቸው» አለ አንድ ሰው። «ትልቅ ሰው ናቸው።»

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለለት። ዝንጀሮ በሊታ ያለው የለም። ቧንቧው ሥር ኤስቴሊ ቆማ ነበር።

«አንቺ አይጥ በሊታ» አላት፣ ለመሳቅ እየሞከረ። «ተጠማሁ ስትይ አልነበር? ይኸው!»

«አቤት፣ ጌታዬ» አለች ኤስቴሊ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። ዘወር ብላም እጁን የሚታጠብበት ቦታ ለቀቀችለት።