ቀይ ጽሑፍ የሌለው ስህተት

ላላ ዝሁር፣ ማለት እመቤት ዝሁር፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን በር ተሳስተው መስሎኝ «እናቴ፣ የጥርስ ሐኪሙ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው» አልኳቸው። እኔ ቴጥዋን ከተማ ውስጥ ከዳቦ ቤት በላይ በተከራየኋት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ኮድ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ማስተማር እንኳ አይባልም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያበላሹትን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ እየተቆጣሁ አቃናለሁ። የሚመጡት ተማሪዎችና ስራ ፈላጊዎች ናቸው፤ አንድ ደግሞ ቡሽታ የሚባል ባለታክሲ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀለቢያ ሲሰፉ የኖሩ፣ ስልሳን የተሻገሩ ሴት ግን አይተን አናውቅም ነበር።

«ጥርሴ ምን ሆነና? ኮድ ልማር ነው የመጣሁት» አሉና ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አደረጉት።

ቡሽታ ከኋላ ሆኖ «ላላ፣ ታክሲ ቢማሩ ይሻልዎታል፤ ቢያንስ ሲበላሽ ይጮሃል» አለ።

«አንተ መጀመሪያ ጢምህን ተላጭተህ ና» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም እዚያው ወደድኳቸው።

ለምን መማር እንደፈለጉ የነገሩኝ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ኢልሃም የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሮተርዳም ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ለአንድ የመርከብ ጭነት ድርጅት ፕሮግራም ትጽፋለች። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

«ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በረደሽ? በረደኝ። በላሽ? በላሁ። ከዚያ እሷም ትተነፍሳለች፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ከዚያ ‹በይ እማ፣ ቻው›። ስለ ስራሽ ንገሪኝ ስላት ‹አይገባሽም እማ› ትለኛለች። ይግባኝ እንግዲህ! ምን አባቱ ነው እኔ የማይገባኝ?» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሞላ። «ናፈቀችኝ፣ ቱሪያ። ስልክ ላይ ሆና እንኳ ትናፍቀኛለች።»

«ቅዳሜ ይምጡ» አልኳቸው።

ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ የታወቀ ነው፤ እሳቸውም አንዱንም ሳይዘሉ ገቡበት። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ሲጽፉ ከመስመሩ ፊት የሚተወውን ክፍተት አንዴ በስፔስ ቁልፍ፣ አንዴ በታብ እየጠቀጠቁ አስገቡትና ኮምፒውተሩ እምቢ አላቸው።

«እኩል ነው እኮ! ይኸው፣ እኩል ነው!»

«ለእርስዎ ዓይን ነው እኩል። እሱ ዓይን የለውም።»

ጃቫ ሲጽፉ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን የሚባለውን ምልክት ረሱ። ኮምፒውተሩም እንደ ልማዱ ቀጥሎ ያለውን ምስኪን መስመር ከሰሰ፤ ላላ ዝሁርም ምንም ያላጠፋውን መስመር ሲሰርዙና ሲጽፉ፣ ሲሰርዙና ሲጽፉ ዋሉ። «ስህተት ነው ካለዎት ቦታ አንድ መስመር ከፍ ብለው ይዩ» አልኳቸው። በጃቫስክሪፕት ደግሞ አምስትና አንድ ደምረው ሃምሳ አንድ ወጣላቸው። ቁጥሮቹን በጥቅስ ምልክት ስለከበቧቸው እንደ ቃል ተቆጥረው ጎን ለጎን ተለጠፉ እንጂ አልተደመሩም። ቡሽታ «ያ ረቢ፣ ይሄ ሂሳብ ለታክሲዬ ቆጣሪ ቢሆን!» ብሎ ተመኘ።

እኔ ትዕግስት የለኝም፤ ስህተት ካየሁ እጄ ይቀድመኛል። የሳቸውን ላቃና ስዘረጋ እጄን ቸብ አደረጉት።

«አትንኪው! የኢልሃም ነው።»

«ምኑ ነው የኢልሃም?»

«ስህተቱ ነዋ። ለሷ ልልከው ነው።»

ለካስ የእኔን ክፍል ስህተት መልቀሚያ አድርገውት ኖሯል! በስልካቸው ፎቶ ያነሱና ይልኩላታል። ኢልሃም የተስተካከለውን መልሳ ትልካለች፤ አንድ ቃል አትጨምርበትም።

«ቶሎ ጨረሰችው» አሉኝ። ኩራትም ሐዘንም ነበረበት። «ጎበዝ ናት ልጄ፣ ቶሎ ነው የምትጨርሰው።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከበድ ያለ የለሽም? ካልደወለች የማይፈታ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ፈልጌ ሰጠኋቸው፤ ምን ላድርግ! በሲ ቋንቋ ዝርዝር ሲቆጠር ከዜሮ ነው የሚጀመረው። እሳቸው ከአንድ ጀምረው ከጫፉ አልፈው ወጡና የማይታወቅ ጉድ የሆነ ቁጥር ተዘረገፈላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ዘለው ወጡ። «ደወለች! ዓርብ ሳይሆን ደወለች! ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አወራን» አሉኝ።

ረመዳን ሲቃረብ የራሳቸውን ነገር መጻፍ ጀመሩ። ማንንም አላስጠጉም።

«ከሷ ጋር እኩል ማፍጠር እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ማታ ማታ ለአንድ ሰው ነው ሰሃን የማወጣው። ሌላው ቢቀር የመጀመሪያዋን ተምር በአንድ አፍታ እንጉረስ።»

የሁለቱን ከተሞች የጸሐይ መጥለቂያ ለወሩ ሁሉ አስገቡ። ቁጥሮቹ በጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚለያዩ፣ ከሁለቱ ዘግይታ የምትጠልቀው ስትጠልቅ ስልካቸው እንዲጮህ አደረጉ። ለኢልሃም ላኩላት፤ «ትክክል ነው እማ፣ ጎበዝ» አለቻቸው። ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያገኝ የሚያወጣው ቀይ ጽሑፍ አንድም አልወጣበትም። እኔም ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ረመዳን ገባ። ስልኩ ሲጮህ «ቢስሚላህ» ብለው ይልካሉ፤ እጃቸውን ከስልኩ ሳያነሱ «ቢስሚላህ እማ» ይመጣል። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ይጎርሳሉ። ፊታቸው ሌላ ሆነ። ባለዳቦ ቤቱ ሳይቀር «ላላ ዝሁር ምን አግኝተው ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። እሳቸው ላገኙት ሰው ሁሉ «ከልጄ ጋር ነው የምበላው» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቡሽታ ያንን ፕሮግራም ለራሱ ፈለገ።

«ላላ፣ ለእኔም ይስጡኝ። ብራሰልስ ወንድም አለኝ። ግን እሱ ምን እንደሚያስቸኩለው እንጃ፤ እኛ አዛን ስንጠብቅ ደውሎ ጆሮዬ ላይ ያገሳብኛል። ሾርባውን ጨርሶ እኮ ነው የሚደውለው!»

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። የላላ ዝሁርን ኮምፒውተር ወደ እኔ አዞርኩትና ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ብዙም ሳልሄድ አገኘሁት።

«ላላ ዝሁር፣ የሁለቱን ከተሞች ሰዓት አንድ ነው ብለው ነው የጻፉት?»

«አንድ ነዋ። ስንደዋወል የብርዱን ወራት ሁሉ የኔም የሷም ሰዓት አንድ ነበር።»

«በረመዳንም?»

ምላሴን በነከስኩት! ረመዳን ሲገባ እኛ አገር ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። እዚያ ማንም አይመልስም። ላላ ዝሁር የጻፉት ሰዓቱ ሳይመለስ በፊት ነው። እዚህም ጸሐይ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፣ እዚያም እንደዚያው፤ ቁጥሩ አንድ ይመስላል። ግን የኛ አስራ ሁለት ከሩብ ሲሆን ሮተርዳም ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። እዚያ ጨልሟል፤ ሰው አፍጥሮ ሰሃኑን አጥቧል። ኮምፒውተሩም ያዘዙትን ሰርቷልና ምንም ቀይ ነገር አይጽፍም። የዚህ ዓይነቱን ስህተት ከሁሉም አብልጬ እጠላዋለሁ።

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ቢስሚላህ ስላት…»

«በልታ ጨርሳለች» አለ ቡሽታ። በክርኔ ጎሸምኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ወጥቷል።

ላላ ዝሁር ሻርፓቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። «ተጫወተችብኝ በለኛ» አሉ። «ትበላለች፣ ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ከዚያ ለአሮጊቷ ‹ቢስሚላህ እማ›። እኔ ደግሞ አብረን በላን እያልኩ ሰፈር ለሰፈር ሳወራ!» ስልካቸውን አወጡ።

«ኧረ በአላህ፣ ቤት ገብተው ይደውሉ» አልኩ።

አልሰሙኝም። እሳቸው ስልክ ሲያወሩ ሁልጊዜ ድምፁን ለሰው ሁሉ ከፍተው ነው። ኢልሃም ወዲያው አነሳች።

«እማ? ምን ሆንሽ? ዛሬ ዓርብ አይደለም እኮ።»

«ጸሐይ እናንተ ዘንድ መቼ ነው የምትጠልቀው?»

«ለምን ጠየቅሽኝ፣ እማ?»

«አትዋሺኝ፣ ኢልሃም። የሰዓቱን ስህተት ቱሪያ አገኘችው።»

«የመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት፣ እማ» አለች ኢልሃም። «ሰዓቱ እንደሚመለስ ረስቼው ነበር። ስትልኪልኝ እዚህ ጸሐይ ከገባች ቆይታለች።»

«ታዲያ ለምን አላስተካከልሽውም? የላክሁልሽን ሁሉ ስታስተካክዪ አልነበር?»

«እሱን ባስተካክለው ከማን ጋር እበላለሁ?»

ላላ ዝሁር አልገባቸውም መሰለኝ፤ እኔም ቶሎ አልገባኝም።

«እጠብቅሻለሁ እኮ፣ እማ» አለች ኢልሃም። «ተምሯን ሰሃን ላይ አድርጌ፣ ውሃዬን ቀድቼ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መልእክትሽ ሲመጣ እጎርሳለሁ።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ?»

«አንድ ሰዓት ምን አላት።»

«በየቀኑ?»

«እማ፣ ቤቱ ጭር ያለ ነው። ብቻዬን ስጎርስ አይወርድልኝም።»

ቡሽታ እንኳ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ፣ በቁጣዬ የምታወቀው ቱሪያ፣ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ዓመታት ሙሉ ‹አይገባሽም› ስትል የኖረች፣ ኮድ ያለ አንድ ቃል የምትመልስ ልጅ፣ ለካ ስልኩን ይዛ እናቷን ትጠብቃለች!

ላላ ዝሁር ግን ጮሁ። «አንቺ የማትረቢ! ጨጓራሽን ልትጨርሺው ነው? ስራ ውለሽ፣ ብርዱን ተሸክመሽ ገብተሽ፣ አላህ ብዪ ባለሽ ሰዓት ቁጭ? ማን አስተማረሽ ይሄን?» ሲጮሁ እንባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ስልኩን ዘጉና ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «የቷ መስመር ናት?»

«ላላ ዝሁር፣ እኔ ብሆን አልነካትም» አልኩ። ስህተት ተዪው ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። «እሷም ፈልጋው ነው። እርስዎም…»

«አንቺ አልወለድሽ፣ ምን ታውቂያለሽ? እኔ አብሬ ልበላ ብዬ ልጄን ላስርባት?»

መስመሯን አሳየኋቸው። ጣታቸው ቁልፎቹን እየፈለገ፣ በየመሃሉ እየነፈረቁ፣ ያችን አንድ ሰዓት ራሳቸው አስገቧት። ዘግይታ የምትጠልቀውን ሳይሆን ቀድማ የምትጠልቀውን ጸሐይ እንዲጠራ አዞሩት። ሮተርዳም ሲመሽ ይጮህ፣ የኛ የራሱ ጉዳይ ነው። ሲጨርሱ ጨርቅ ሰፍቶ እንደሚያየው ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «ትክክል ነው?» አሉኝ።

«ትክክል ነው» አልኳቸው። ደስ አላለኝም።

ቤታቸው ሲደርሱ ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ አብሬ ሄድኩ። አላለቀሱም። ሐሪራውን፣ የማፍጠሪያ ሾርባችንን፣ ጥደው፣ ሽምብራውን እየቀመሱ አይባልም፣ ጾም ነው፣ እያሸተቱ ያማስሉ ጀመር። ጸሐይ ገና ከተራራው በላይ ነበረች፤ እኛ ለማፍጠር ብዙ ይቀረን ነበር። ስልኩ ጮኸ። ላላ ዝሁር ማማሰያውን ጥለው ደወሉ።

«ጸሐይሽ ገብታለች። ብዪ።»

«እናንተ ዘንድስ?»

«የኛን ተዪው። ቢስሚላህ በዪ።»

«ቢስሚላህ» አለች ኢልሃም፣ ቅር እያላት። «በይ እማ፣ ልዝጋውና…»

«ማን ዝጊ አለሽ? ስልኩን ከሰሃንሽ አጠገብ አስቀምጪው። ምንድን ነው ያለሽ?»

«ሾርባ።»

«ከምን የተሰራ?»

«…ከፓኬት።»

«ከፓኬት! ወይኔ ልጄን!» ላላ ዝሁር ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ወንበር ስበው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፊታቸው አድርገው ተቀመጡ። ከንፈራቸው በጾም ደርቋል፤ ፊት ለፊታቸው ምንም ምግብ የለም። «እኔ እዚህ ነኝ። የትም አልሄድም። ብዪ፣ ጮክ ብለሽ ብዪ፣ ልስማሽ።»

የማንኪያ ድምፅ ተሰማ፤ ሰሃኑን ነካ፣ ተነሳ፣ እንደገና ነካ። ላላ ዝሁር ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ፤ በምትኩ ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ የምታፍነው ለቅሶ መጣ።

ላላ ዝሁር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ኢልሃም፣ ማንኪያው አይሰማኝም» አሉ።

ቆየት ብሎ ማንኪያው ሰሃኑን ነካ።