ለሜዳው የመጣ እሾህ

የሺ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባሏ መክብብ ከጭነት መኪና ላይ ከወደቀ ወዲህ እግሮቹ አይታዘዙትም። ቤታቸው ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ሰው አያስቀምጥም። ስለዚህ በየቀኑ በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋች ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ትወስደዋለች። በሜዳው ካሉት ግራሮች ከትልቁ ሥር ሆኖ ከሽማግሌዎች ጋር ሲጫወት ሰው ይሆናል። ከዚያ ውጭ ሥራው ግድግዳ ማየት ነው።

ይህንን ሜዳ አንድ ባለሀብት ለከባድ መኪና ማቆሚያ ሊወስደው ነው ተባለ። የአካባቢው ሹም፣ ቺፉ፣ ባራዛ የሚሉትን የሕዝብ ስብሰባ ጠራ፤ ከተማው ነቅሎ ወጣ። በስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማይለው ባለሱቁ ሻሪፍ እንኳ ተነስቶ «ሜዳው የልጆቻችን ነው» ሲል ተጨበጨበለት። እጅ አውጡ ሲባል ያላወጣ አልነበረም። ለካ ሰው አለ፣ አለች የሺ በልቧ።

ቺፉም «ባዶ መሬት ነው እንዳይሉን ቅዳሜ እንደ ካሎ እንጠረው» አለ። ካሎ ቦረናዎች ለጥጆቻቸው ብለው በእሾህ የሚያጥሩት መስክ ነው፤ የታጠረውን ማንም አይደፍርም። እሾሁ ከከተማው ውጭ ካለው ከቦሪ ዱር እየተቆረጠ ከየቤቱ ይመጣል፤ ሳያመጣ የቀረ ቤት ስሙ በክፉ ይነሳል።

ቅዳሜ የሺ ለአጥር ሠሪዎቹ ሩዝ ስትቀቅል ከጓዳ አልወጣችም። ጠዋት ጋሪ ነጂው ቆቲሌ በበሯ ሲያልፍ «ለእኛም ቤት አንድ ቅርንጫፍ ጣልልን» ብላው ነበር።

«ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም ማማ ቤዚ» አላት በልጇ ስም ጠርቶ።

አሥር ሰዓት ላይ መክብብን እየገፋች ሄደች። አጥሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለምለም ነው። የከነከናትም ለምለምነቱ ነው፤ ከቦሪ ተቆርጦ በፀሐይ የመጣ እሾህ እስካሁን ጠውልጎ ነበር። ቀና ስትል ጥላ የሚባል የለም። ትንንሾቹ ግራሮች ጉቶ ሆነዋል፤ የትልቁ ግንድ ብቻውን ተገትሯል። እሾህ ፍለጋ ቦሪ ድረስ ማን ይሂድ! ሁሉም ከዚያው ከሜዳው እየቆረጠ ሜዳውን አጠረ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኼ ነው።

የሺን የቀፈፋት መቁረጣቸው ብቻ አልነበረም፤ ደስታቸው ነው። በአንድ እጃቸው ገጀራ ይዘው በሌላው የእሷን ሩዝ እየጎረሱ ፎቶ ይነሳሉ። ሻሪፍ ቅባት በነካው እጁ መክብብን ጨበጠና «አየህ፣ አዳንነው» አለው። ምራቋ መረራትና ዞር ብላ ተፋች።

ሻሪፍ ፊቷን አይቶ «እኔ እኮ የቆረጥኩት አንድ ብቻ ነው» አለ። አጠገቡ ያለውም አንድ፣ የወዲያኛውም አንድ።

«አንበጣ ይሻላል ከእናንተ» አለች የሺ። «እሱ ስብሰባ ጠርቶ እጅ አያወጣም።»

መክብብ ፀሐዩ ፊቱ ላይ እያረፈ አጥሩን ሲያይ ቆየ።

«የሺዬ፣ የእኛ ቤት እሾህ የቱ ነው?»

ቆቲሌ ቀድሟት መግቢያው አጠገብ ያለውን ሰፊ ቅርንጫፍ አሳየው። «ይኼ ነው ባባ ቤዚ። ከትልቁ ግራር፣ አንተ ከምትቀመጥበት በኩል። ለእናንተማ ጥሩውን ነው የመረጥኩት።»

የሺ ነጠላዋን አውልቃ መክብብ ራስ ላይ ጣል አደረገችና ወንበሩን ወደ ቆርቆሮው ቤት አዞረችው።