የፈራሚው ስም

«ፊርማው ትክክል ነው ይላል! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? በእሳት ልፈትንልሽ?» አለ ወንድሟ፣ ስክሪኑን በጣቱ እየጠቆመ።

«ጣትህን አንሣ፤ ላብህን ነው የምትቀባው። ትክክል መሆኑን እኔም አይቻለሁ። የማን ፊርማ ነው?»

እሷ በዚህ የክሊኒክ ክፍል ጆሮ ትመረምራለች፤ ወንድሟ የጭነት መኪና ይነዳል። እናታቸው በሁለቱ መካከል ተቀምጠው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያሉ። የመስሚያ መሣሪያቸውን የሚያስተካክለው ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ከጠፋ ወዲህ መሣሪያው ሳይስተካከል ቀርቶ በምልክት ነው የሚግባቡት። ልጃቸው ዛሬ ለረጅም ጉዞ ይነሣል። ሳይሄድ ድምፁን እንዲሰሙለት ብሎ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አውርዶ በፍላሽ ይዞ መጥቷል።

ፕሮግራም ያወጣ ሰው በፋይሉ ላይ የሚያኖረውን የዲጂታል ፊርማ ዝርዝር ከፈተች። ከተፈረመ በኋላ ማንም አልነካካውም። የፈራሚው ስም ግን የመሣሪያው ሠሪ ድርጅት ሳይሆን፣ ሰምታው የማታውቀው የአንድ ግለሰብ ስም ነው።

«መኪናህን ሸጫለሁ ብዬ ብፈርም ፊርማዬ ሐሰት ነው? እውነተኛ ነው። መኪናው ግን የእኔ አይደለም።»

«መኪናዬን ተዪው» አለ፤ ሊስቅ ብሎ ተወው። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቺው። ጓደኛዬ ሞተር አስነሥቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ይሄ እኮ ድምፅ የሚልከው ወደ እማዬ ጆሮ ነው። ከልክ በላይ ቢለቅባት የቀረቻትን መስማትም ይወስድባታል። ለባዳ የማላደርገውን በእሷ ላይ ላድርግ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በይኛ!»

«አንተው አልከው።»

ፋይሉን ሳትከፍት አጠፋችው፤ ከሠሪው ድርጅት ገጽ ማውረድ ጀመረች። የኢንተርኔቱ መስመር ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ ነው የሚሄደው። ወንድሟ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰ። ስልኩ ጠራ፤ ዘጋው። ደግሞ ጠራ።

የወረደውንም ፈተሸችው። ፈራሚው ሠሪው ራሱ ነው። ፕሮግራሙን ጫነች፤ መሣሪያውን በእናቷ ጆሮ ላይ አደረገችና ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጣታቸውን እንዲያነሡ በምልክት ነገረቻቸው። በዚያ ክፍል ልኬት ከተጀመረ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ አንድ ቃል ከገባበት ሁሉም እንደ አዲስ ነው።

ቀጭን ድምፅ ላከች። ጣት አልተነሣም። ከፍ አደረገችው። የእናቷ ጣት ከጉልበታቸው ላይ በቀስታ ተነሣች።

ከኋላዋ ወንበር ተገፋ። ወንድሟ ጃኬቱን አንሥቶ እናቱን ቆሞ አያቸው። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ስልኩ በመዳፉ ውስጥ ይርገበገባል።

ሌላ ድምፅ ላከች። የእናቷ ጣት ተነሣች። በሩ ተከፍቶ በቀስታ ተዘጋ፤ እሷም የሚቀጥለውን ላከች።