የግራኟ ሙሽራ ፖስታዎች

እህቴ ልታገባ ነው! እሺ፣ ይሄንንማ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ ያልነገርኩት ሰው የለማ። ለፀጉር ሠሪዬ፣ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡ እናት ሳይቀር ነግሬያለሁ። እሳቸውማ ሙሽራዋ እኔ መስያቸው መርቀውኝ ነው የወረዱት። የፖስታውን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱን ዛሬ ካልተነፈስኩት እፈነዳለሁ።

ነገሩ የተነሳው ምሳ ላይ ነው። የጥሪ ካርዶቹ ከማተሚያ ቤት መጥተው ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። ፖስታዎቹ ሲያምሩ! ነጭ፣ ወፈር ያሉ፣ በጣት ሲዳብሷቸው እንደ ጨርቅ ሻከር የሚሉ። እማዬ የተጋባዦቹን ስም ማተሚያ ቤቱ በኮምፒውተር ጽፎ ይለጥፍልን አለች። ይሄኔ አባባ ሹካቸውን ቁጭ አደረጉ። አባባ የምንላቸው አያቴን ነው፣ የእማዬን አባት።

"እኔ በሕይወት እያለሁ?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቁም ጽሕፈት አስተማሪ ነበሩ። እሳቸው ስም የጻፉበትን ሰርተፍኬት ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ለውጤቱ ብሎ አይደለም፣ ለፊደሉ ነው። እማዬንም፣ አጎቶቼንም፣ እኔንም ብዕር ያስያዙን እሳቸው ናቸው። እህቴን ብቻ አላስተማሯትም፤ ግራኝ ናት። ማለቴ፣ ሞክረዋል። ግን ግራኝ ሰው ሲጽፍ እጁ ገና ያልደረቀውን ቀለም እየተከተለ ነው የሚሄደው። የጻፈችውን ሁሉ በመዳፏ እየጠረገች ስታስቸግራቸው፣ "ግራ እጅ ለቀለም አልተፈጠረም፣ የኔ ልጅ" ብለው ከረሜላ ገዝተው ሸኟት። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። አባባ ይሄን ከረሱት ቆይተዋል፤ እህቴ ግን የከረሜላውን ጣዕም ሳይቀር ታስታውሰዋለች።

"እኔ ነኝ የምጽፋቸው" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እሷ ስትቆርጥ ድምጿ ዝቅ ነው የሚለው። "የራሴ ሠርግ ነው፣ በራሴ እጅ።"

"በየትኛው?" አሉ አባባ እየሳቁ።

"በዚሁ ባለኝ።"

ከዚያማ በቃ ውርርድ ሆነ። በአባባ ስም አንድ ፖስታ ጽፋ ታመጣለች። ቀለሙ ካልተለቀለቀ ሁሉንም እሷ ትጽፋለች፤ ከተለቀለቀ ብዕሩን ለእሳቸው ታስረክባለች። እኔ ደግሞ መሀል ገብቼ፣ ካሸነፈችስ ምን ታገኛለች አልኩ። እህቴ አባባን ትክ ብላ አየቻቸውና "ሠርጌ ላይ ይጨፍራሉ" አለች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባባ አይጨፍሩም። በየሠርጉ ጥግ ላይ ወንበር ይዘው የሰው ቦርሳና ኮት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ሊጨፍር የተነሳ ሁሉ ዕቃውን እግራቸው ሥር ወርወር አድርጎ ይሄዳል። እማዬ ራሷ ልጃቸው ሆና ሲጨፍሩ አይታ አታውቅም። አባባ ጢማቸውን ዳበሱና "እሁድ ምሳ ላይ" አሉ። "ማጉያ መነጽሬን ይዤ እጠብቅሻለሁ።"

ያ ሳምንት! የእኔና የእሷ መኝታ ቤት የቀለም ፋብሪካ ሆነ። አፈ ሰፊ ብዕር፣ የቀለም ጠርሙስ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ ትራሴ ላይ ሳይቀር። አስተማሪዋ እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ትንሽ ተኮፍሻለሁ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ቁጭ በይ፣ ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ አስደግፊ፣ ብዕሩን አጋደል አድርጊው፣ ወደ ታች ስትወርጂ ወፍራም፣ ወደ ጎን ስትሄጂ ቀጭን። ልክ አባባ እንዳስተማሩኝ። ፊደሏ ደግሞ ያምራል። ከኔ ይበልጣል፤ ይሄን ስናገር ትንሽ ያመኛል፣ ግን ይበልጣል። ከዚያ መዳፏ ይመጣና ጥርግ።

ያልሞከርነው የለም። ወረቀቱን አዙራ በጎን ስትጽፍ፣ ፊደሉ ሁሉ ነፋስ እንደገፋው አጥር ተጋደመ። ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ወደ ኋላ ስትመጣ ሊሳካ ነበር፤ ግን የጥርስ ሐኪማችን ስም ረዘመና የመጀመሪያው ፊደል ፖስታው ላይ ቦታ አጥቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እስካሁን አለ። እጮኛዋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢውል ሁለት ቃል ስለማይወጣው እኔ "ወሬኛው" ነው የምለው። እሱም የሥራ ጓንቱን አምጥቶ "ሞክሪው" አላት። ጓንቱ ቀለሙን ምጥጥ አድርጎ ቀጣዩ ፖስታ ላይ መልሶ ተፋው። እኔ ደግሞ በየፊደሉ አደርቅልሻለሁ ብዬ የፀጉር ማድረቂያ ስከፍት፣ ቀለሙን እስከ ግድግዳው ድረስ ነዳሁት። እማዬ ግድግዳውን ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ዓርብ ጠዋት እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ፀጉሯን እያሰረች "ልክ ናቸው መሰለኝ" አለች። "ፖስታዎቹን ለአባባ አደርሳቸዋለሁ፣ ይጻፏቸው። ያምርላቸዋል።"

ይሄን ያለችው የምትስቅ መስላ ነው። መስታወቱ ውስጥ ግን ፊቷ ይታየኝ ነበር። ከሥራ ስትወጣ በእሳቸው በኩል ልታልፍ ፖስታውንም፣ ብዕሩንም፣ ቀለሙንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። እኔ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ምንም አልገባኝም። በሌላውም ቀን ብዙ አይገባኝም፣ የዓርቡ ግን የተለየ ነበር።

ስንለቀቅ በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታዋ ሮጥኩ። እህቴ ኬክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ኬክ ታስጌጣለች። በጓሮ በር ስገባ ፊቷ አንድ ትልቅ የልደት ኬክ በሚሽከረከረው ማዞሪያ ላይ ተቀምጧል። እሷ ቆማ፣ የክሬሙን ከረጢት በግራ እጇ ጨብጣ፣ የባለልደቱን ስም እየጻፈች ነው። ክንዷ ከትከሻዋ ጀምሮ ይሄዳል፣ መዳፏ አየር ላይ ነው። ኬክ ላይ ማን እጁን ያስደግፋል? አንድ ፊደል ስትጨርስ ማዞሪያውን በቀኝ ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፣ ደግሞ ቀጣዩ ፊደል። ምንም አልተነካካ፣ ምንም አልተጠረገ።

እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ይቺ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በዚያው በግራ እጇ የሰው ስም ስትጽፍ ኖራለች። እኛ ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ክንድሽን አስደግፊ እያልን እናሠቃያታለን።

"ተነሺ" አልኳት።

"ቆሜያለሁ እኮ።"

"እሱን ነው የምልሽ። ቆመሽ ጻፊው። ፖስታውን ኬክ ነው በይው።"

ከረጢቱን እንደያዘች አየችኝ። ኬኩን አየችው። ከዚያ እጇን ልክ አዲስ እንደተገዛ ነገር አገላብጣ አየችውና ሳቋ መጣ፤ እንደዚያ ስትስቅ እንባዋ ነው የሚቀድመው።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ መጀመሪያ ቀለም ጓዳዬ አይገባም ብለው ወገባቸውን ያዙ። የውርርዱን ነገር ስነግራቸው ግን ማዞሪያውን ራሳቸው ወልውለው ሰጡን፤ የሚጨፍሩትን አያት ሳላይማ አልቀርም ብለው እግረ መንገዳቸውን ራሳቸውን ሠርጉ ላይ ጋበዙ። እህቴ ፖስታውን ማዞሪያው ላይ አስቀመጠች። የመጀመሪያው መስመር ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ቀጥ አለ። "ለአባባ" ብላ በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጠን ባለ ፊደል "ከግራ እጄ"። ቀለሙ እርጥብ እንደሆነ እያበራ ቀረ፤ ማንም አልነካውም። እኔ ከደስታዬ ብዛት የተረፈውን የክሬም ሳህን በጣቴ ጨረስኩት። ፖስታው ሲደርቅ እህቴ ለእኔ ሰጠችኝና "አደራ፣ ጠርዙን ብቻ ያዥ" አለችኝ። ጠርዙን ብቻ ያዝኩ።

እሁድ ደረሰ። ወሬኛው ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ ተቀምጧል። አባባ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ማጉያቸው ከሳህናቸው አጠገብ ነው። እህቴ ፖስታውን ፊታቸው አኖረችው። አባባ እንደ ሰው አላነበቡትም፤ እያንዳንዱን መስመር ከላይ እስከ ታች በማጉያው ተከተሉት። "ከግራ እጄ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ማጉያው ቆመ። ከዚያ ማጉያውን ወደ ፖስታው ጥግ ወሰዱና አንድ ቦታ ላይ ቀሩ።

"ይሄስ?" አሉ።

ጥጉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እድፍ አለ።

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። መዳፏን ገልብጣ ታያለች፣ ግራ ገብቷታል። እኔ ደግሞ አውራ ጣቴን ጠረጴዛ ሥር ደበቅኩ፣ ምክንያቱም ገባኝ። የክሬም ሳህኑ። ጠርዙ። ወይኔ ጉዴ። ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ፤ እድፉን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ምላሳቸው ላይ አኖሩት።

"ቫኒላ" አሉ።

ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። የሚገርመው ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የታወቅኩት። እማዬ እድፍ ያው እድፍ ነው ብላ ለአባቷ አገዘች፤ እኔ ቅጣቱ ለእኔ ይሁን ብዬ ለመንኩ። በዚህ መሀል ወሬኛው ጉሮሮውን ጠረገና እስከዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙን ንግግር አደረገ፤ የተወራረዳችሁት በቀለም ነው፣ ስለ ክሬም የተባለ የለም አለ። አባባ ማጉያቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱት።

"ቀለሙ ንጹሕ ነው" አሉ። የእህቴን ግራ እጅ ሳብ አድርገው መዳፏን አዩት። "እንዴት አድርገሽ ነው?"

"ቆሜ። ኬክ ላይ እንደምጽፈው።"

"እኔ ደግሞ ቁጭ በይ ነበር የምልሽ።" እጇን አልለቀቁትም። "የሎሚ ነበር አይደል፣ ከረሜላው?"

እህቴ በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እማዬ ዓይኗን እየጠረገች ሾርባው ቀዘቀዘ ብላ ተቆጣችን።

አሁን ፖስታዎቹ ሁሉ ተጽፈው አልቀዋል፣ አንድ ሳይቀር በቁሟ። የክሬም ሳህን አጠገባቸው እንዳልደርስ ተከልክያለሁ። እና ዛሬ ጠዋት ከአባባ ክፍል ድም ድም የሚል ሰማሁ። ወደቁ ብዬ ሮጬ በሩን ገፋ ሳደርግ፣ ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው ከፍተው፣ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት በካልሲያቸው ቆመው ትከሻቸውን እያወዛወዙ ነው። አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ፣ ከዚያ ትንሽ ዝላይ። በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። አላቆሙም።

"በሩን ዝጊው" አሉኝ እያለከለኩ። "ለእናትሽም ንገሪያት፣ ቦርሳዋን የሚጠብቅላት ሌላ ሰው ትፈልግ።"